ተመስገን ስንት ቁጥር ነው?

ከኮሶዬ እስከ ጨነቅ ባለው አገር ሰው በማናገር የሚስተካከለኝ የለም። ለመመካት ብዬ አይደለም፤ ጠይቆ ማረጋገጥ ይቻላል። ከበየዳ እስኪወርድ ድረስ አንዲት ቃል ያልተነፈሰ በቅሎ ነጂ ከእኔ ጋር ተቀምጦ ሻዩን ሳያጋምስ የአማቱን ጠብ፣ የጎረቤቱን ድንበር ገፊነት፣ የበቅሎዋንም የዘር ሐረግ ዘርዝሮልኛል። በቅሎዋ ራሷ የጎደለውን ልትሞላ አፏን ስትከፍት በዓይኔ አይቻለሁ። ዩኒቨርሲቲው ለጥናት ቤት ለቤት የሚጠይቅ ሰው ሲፈልግ መጀመሪያ የሚደውለው ለእኔ ነው። ሌላው ዳታ ሰብሳቢ ከአንድ ቤት ሳይወጣ እኔ መንደሩን አዳርሼ፣ መንገድ ላይ የተገኘ ለቅሶም ደርሼ እመለሳለሁ።

መምህርት ውድነሽ ይህን ሁሉ ዝና በአንዲት አነጋገር ገደል ሰደዱት።

«ደሳለኝ» አሉኝ፣ «አንተ ሰው ታናግራለህ እንጂ ሰው አይነግርህም።»

ይህቺን አነጋገር ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ካለው ሻይ ቤት ተቀምጬ፣ ድምፃቸውን አቅጥኜ፣ የሌለኝን መነጽር አውልቄ፣ ሰው ሳስቅባት ነበር አንድ የዳባት ሾፌር የገባው። ክረምቱ ሊገባ ባለ ሰሞን ነው።

«ማንን ነው የምታስመስለው?» አለኝ።

«መምህርት ውድነሽን ነዋ። አታውቃቸውም?»

«የኛ ሰፈር ሰው ናቸው። ዛሬ ጠዋት አረፉ እኮ።»

የሌለኝ መነጽር እጄ ላይ ቀረ። እኔን ዝም ለማሰኘት ዓመታት ደክመው ያልሆነላቸው ሴት በዚያች ደቂቃ ተሳካላቸው። ይህንንም እንኳ ሳያዩ ቀሩ፤ ያናድዳል።

አሁን የሳቸውን ነገር ስጽፍ ብዙ የሚያናድዱኝ ነገሮች አሉ። አንደኛው ራሳቸው ናቸው። ሰው ከሞተ በኋላ ደግ ነበሩ፣ ትሁት ነበሩ ይባላል። መምህርት ውድነሽ ግን አስቸጋሪ ነበሩ። ቁመታቸው ከወገቤ እምብዛም አይበልጥም፤ ጃንጥላቸው ግን በጋም ክረምትም አይለያቸውም። ዝናብ ቢዘንብ አይዘረጉትም። «ይህ ለመሄጃ ነው» ይላሉ። ማሰሪያ የሌለው የወንድ ጫማ ይጫማሉ። ዳባት ተወልደው፣ ዳባት አንደኛ ደረጃ አስተምረው፣ በጎልማሳነታቸው ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሶሲዮሎጂ ተምረው፣ እዚያው መምህርት ሆነው የቀሩ ሰው ናቸው። ሰው ሲናገር መነጽራቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጣሉ። ለምን ቢባሉ «ዓይኔ ሲያይ ጆሮዬ ይሰንፋል» ይላሉ።

ያገናኘን ታችኛው ሰፈር ነው። ከደባርቅ ወጣ ብሎ፣ ከላይ ከተራራው ውረዱ ተብለው የወረዱ ሰዎች የሰፈሩበት መንደር አለ፤ ከተሜው ታችኛው ሰፈር ይለዋል። ባለቤቴ አስካለ የዚያ ሰፈር ልጅ ስለሆነች እኔም እዚያው ቤት ሠርቼ እኖራለሁ። ሰፈሩ ቆርቆሮ አለው፣ መብራትም አለው። ውሃ ግን የለውም። ቧንቧስ ቆሟል፤ የቆመው ግን እንደ ሐውልት ነው፣ ለመታሰቢያ። የዚያን ጊዜ አንድ ፕሮጀክት መጥቶ የመጀመሪያ ዙር ሥራውን ጨርሶ ነበር። ሁለተኛው ዙር የሚመጣው በጥናት ነው ተባለ። ሰዎቹ አልተሟላልንም ካሉ ውሃው ከላይ ከምንጩ ድረስ በመስመር ይሳባል። ረክተናል ካሉ ደግሞ ሥራው ተጠናቀቀ ተብሎ ፋይሉ ይዘጋል። ጥናቱን እንዲመሩ መምህርት ውድነሽ ተመረጡ። ጠያቂዎቹ እኛ ሆንን።

ሥልጠናው ላይ እርሳስ ተሰጠን፣ መጠይቅ ተሰጠን፣ ከዚያ በትንሽ ፌስታል የተቆላ ባቄላ ዞረ። እኔ መክሰስ መስሎኝ ሁለት ሦስቱን አፌ ውስጥ ጨምሬ ሰባበርሁት።

«ምን አደረግህ?» አሉኝ።

«በላሁ።»

«የሥራ ዕቃ ነው የበላኸው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠያቂ ጥያቄውን ይጠይቃል፤ ከዚያ አንዲት ባቄላ አፉ ውስጥ ይጥላል። ማላመጥ ክልክል ነው። ባቄላዋ በምራቅ ርሳ እስክትለሰልስ ድረስ ቃል አይወጣም። «አፍ ሥራ ካልተሰጠው የሰው መልስ ውስጥ ይገባል» ይሉ ነበር። ደረቅ የደባርቅ ባቄላ በምራቅ ለስልሶ የሚያውቅ ከሆነ ንገሩኝ። ያን ባቄላ አፌ ይዤ ስንት መስከረም እንደጠባ አላውቅም። በዚያ ላይ ሰው የሚጾም አገር ነው። በጾም ቀን እስከ ሰዓቱ ምን ልናደርግ ነው ብዬ ስጠይቃቸው እንዳሸነፍሁ አስቤ ነበር።

«ጠጠር እጠብና ያዝ» አሉኝ። «ጠጠር አያስገድፍም።»

የመጀመሪያው ቀን እንደ ልማዴ ፀሐይ ራስ ላይ ሳትደርስ የደረሰኝን ሁሉ ጠይቄ ተመለስሁ። ጎረቤቶቼ ናቸው፣ ሁሉንም በስም አውቃቸዋለሁ፣ ምን ያስቸግረኛል? ወረቀቴን አስረከብሁና እግሬን ዘርግቼ ተቀመጥሁ። መምህርት አንዱን አዩ፣ ቀጣዩን አዩ፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ደሳለኝ፣ ይህ ታችኛው ሰፈር ነው ወይስ መንግሥተ ሰማያት?»

«ምነው መምህርት?»

«ሁሉም በጣም ረክቷል።»

«እኔ ምን ላድርግ? ያሉኝን ነው የጻፍሁት።»

«ምን አሉህ?»

«ኑሮ እንዴት ነው አልኋቸው፤ ተመስገን አሉኝ።»

«ተመስገን ስንት ቁጥር ነው?»

መጠይቁ ከአንድ እስከ አምስት የሚል ነበር። አንድ በጣም አልረካሁም፣ አምስት በጣም ረክቻለሁ። እኔ ተመስገንን አምስት አድርጌዋለሁ። አሁንም ቢሆን አሳማኝ ምክንያት ነበረኝ፤ ሰው አምላኩን ካመሰገነ ከዚህ በላይ ምን ይል?

«አባትህ ሲቀበሩ ሰው እንዴት ነህ ሲልህ ምን አልህ?» አሉኝ።

አሰብሁ። ተመስገን ነው ያልሁት።

«አምስት ነበርህ?»

የዘረጋሁትን እግር ሰበሰብሁ።

«ተመስገን ደጅ ነው» አሉኝ። «ሰው ደጁን ከፈተልህ፤ አንተ ቤቱን አየሁ ብለህ ተመለስህ። ተነሥ።»

ይህች «ተነሥ» የምትባል ቃል ስንት ጊዜ ከወንበር እንዳስነሣችኝ! ተነሣሁ። ያን ጠዋት ከጠየቅኋቸው ቤቶች ወደ መጨረሻው ወሰዱኝ፤ ወደ አያ ዘውዱ። አያ ዘውዱ ላይ ሳሉ ባለ ጥማድ በሬ የነበሩ፣ ዳኝነት የሚጠየቁ ሽማግሌ ናቸው። ደጃቸው ላይ ካለው መደብ ተቀምጠው አገኘናቸው። ጫማቸውን አድርገው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ መንገድ የሚወጣ ሰው መስለው።

ሰላምታው ተጀመረ። የመምህርት ውድነሽ ሰላምታ ብቻውን ከደባርቅ ዳባት ያደርሳል። እርስዎ እንዴት ሰነበቱ፣ ቤተሰቡ እንዴት ሰነበተ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ጉልበትዎ፣ ያ የታመመው ጎረቤት። አያ ዘውዱም በየተራው ይመልሳሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ እንዴት ሰነበትሽ ልጄ?» እኔ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሁለት መንደር እጨርስ ነበር።

«ኑሮውስ እንዴት ይዞዎታል አያ ዘውዱ?»

«ተመስገን ነው።»

መምህርትን አየኋቸው፤ ‘ይኸው፣ ምን አልሁ’ ለማለት። መምህርት መነጽራቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። አንዲት ባቄላ አፋቸው ውስጥ ጣሉ። ዝም አሉ።

አያ ዘውዱም ዝም አሉ። ዶሮ ገባች። ዶሮ ወጣች። እኔ ዝምታ ያሳክከኛል፤ እንደ ቁንጫ ነው። አልቻልሁም።

«አያ ዘውዱ፣ ይቺ ዶሮ ከተማ ለምዳ እንደ ሴት ወይዘሮ...»

የጃንጥላው ጫፍ አውራ ጣቴ ላይ ዐረፈ። ዐረፈ ስል ቀስ ብሎ ነው፤ ግን አልተነሣም። ተረቴን ዋጥሁ።

«ተመስገን ነው እንግዲህ» አሉ አያ ዘውዱ፣ ዱላቸውን መሬት ላይ እያዞሩ። ደግሞ ዝም። «ያው... ውሃው ነው እንጂ።»

መምህርት ንቅንቅ አላሉም።

«ላይ ሳለን ምንጩ ደጃችን ነው። ውረዱ፣ ቧንቧ አላችሁ አሉን። አልዋሹም፣ ቧንቧ አለ። ጠዋት ጠዋት ሄጄ እንደምን አደርህ እለዋለሁ። አንዳንድ ቀን ያፏጭልኛል። ከዚያ በላይ አልተቀራረብንም።» ሳቅ አሉ፤ ብቻቸውን። ከዚያ ሳቁ ሄደ። «በሬዎቼን ሸጥሁ ልጄ። ምን አጠጥቼ፣ ምን አብልቼ? አሁን ጠዋት እነሣለሁ፣ ጫማዬን አደርጋለሁ፣ እዚህ እቀመጣለሁ። ባለቤቴ ወዴት ልትሄድ ነው ጫማ የምታደርግ ትለኛለች። እግሬ ለምዶ ነው እላታለሁ።»

ጎረቤቴ ናቸው። በየቀኑ ጠዋት በዚያ ደጅ ሳልፍ «አያ ዘውዱ፣ ዛሬም ጉዞ ነው?» እያልሁ እቀልድባቸዋለሁ፤ እሳቸውም ይስቁልኛል። ያን ቀን የት እንደምገባ ጠፋኝና ወረቀቴ ውስጥ ገባሁ። ጥያቄውን እንዳለ አነበብሁላቸው።

«እንግዲያው አያ ዘውዱ፣ በአጠቃላይ ሲታይ በኑሮዎ ምን ያህል ረክተዋል?»

«ምን አልህ?»

«ምን ያህል ረክተዋል?»

ሽማግሌው መጀመሪያ እኔን አዩ፣ ከዚያ መምህርትን፣ ከዚያ ባዶውን ጄሪካን።

«አንተ ልጅ፣ ውሃ የለም እያልሁህ ረካህ ወይ ትለኛለህ? ሰው ጠጥቶ አይደለም የሚረካ?»

መምህርት ውድነሽ ባቄላዋን ከአፋቸው አውጥተው መሀረባቸው ላይ አኖሩ። ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚስቀው። ስንወጣ ግን ፊታቸው ተለውጧል።

«አየህ» አሉኝ። «ጥያቄው ከፈረንጅ ቋንቋ ሲመጣ ውሃ ጥሙን መንገድ ላይ ጥሎት መጣ። የጠማውን ሰው ረካህ ወይ እያልን ስንዞር ነው የዋልነው።»

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ እንደ አዲስ ተጠየቀ። በጭቃ፣ በውርጭ፣ በውሻ። እኔ የማውቀው ጥናት ሲፈጥን ነው፤ የሳቸው ጥናት እንደ ገበሬ ማሳ ይታረሳል፣ ይደገማል፣ ይሠለሳል። አኮረፍሁ። ‘ሴትዮዋ ጡረታቸው እስኪደርስ በእኛ ጉልበት ሊቆዩ ነው’ ብዬ አማሁ። አንድ ቀን ከክፋታቸው ብዛት የገዛ አማቴን እትዬ ብርቄን እንድጠይቅ መደቡኝ።

«መምህርት፣ አማች እኮ ይታፈራል።»

«እንግዲያው ዝም ለማለት አትቸገርም» አሉኝ።

እትዬ ብርቄ ተመስገን አሉኝ። ባቄላዬን ጣልሁ። ተፋጠጥን። የሴትዮዋ ዓይን ከግድግዳው ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ጣራው ሄደ። ባቄላዋ ልትለሰልስ ነው ስል ተናገሩ።

«ልጄን ስሰጥህ የሚያሥቃት ሰው አገኘች ብዬ ነበር። ሣቅህ አልጎደለም። ግን ልጄ ሆይ፣ ውሃ ስትቀዳ እሷ ነች፣ ወፍጮ ስትሄድ እሷ ነች፤ አንተ እቤት ሆነህ ተረት ታወራለህ። ተመስገን ነው።»

ጻፍሁት። ምን ላድርግ? መምህርት አንብበው «ይህ ጥሩ ቃለ መጠይቅ ነው» አሉ። በሕይወቴ ካገኘሁት ምስጋና ይህን ያህል ያቃጠለኝ የለም።

ነገሩ የተበላሸው ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ሲሄድ ነው። የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ደባርቅ ቢሮ ነበረው፤ ኪስ የበዛበት ሰደርያ የሚለብስ፣ ትሁት፣ ሰውን ሳያስቀይም የሚያሰናብት ሰው። መምህርት በመጠይቁ ላይ አዲስ ሳጥን ጨምረው ነበር። ሳጥኑ «ተመስገን» ይላል፤ ከሥሩ ሰውየው ከተመስገን በኋላ የተናገረው ይጻፋል። አስተባባሪው ወረቀቱን እያገላበጠ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«መምህርት፣ ሥራችሁ ድንቅ ነው። ብቻ ሶፍትዌሩ ተመስገንን አይቀበልም።»

«የአገራችን ሰው ስላልሆነ ነው።»

«ቁጥር ያስፈልጋል።»

«ቁጥር የለውም።»

«ታዲያ... ሦስት እናድርገው? መካከለኛ።»

«እግዚአብሔርን መካከለኛ ላይ ልታስቀምጠው ነው?»

እኔ በር ላይ ቆሜ ነበርና ሣቄ አመለጠኝ። አስተባባሪውም ሣቀ። መምህርት አልሣቁም። «ከሥሩ የተጻፈውን አንብቡት» አሉ። «መልሱ ያ ነው።» እሱም ያለ ምንም ማቅማማት እሺ አለ። ያቺን እሺ ባልሰማኋት ይሻለኝ ነበር። እሺም እንደ ተመስገን ነው፤ ደጅ ነው።

ሪፖርቱ የቀረበው ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። ባነር ተሰቅሎ፣ የታሸገ ውሃ በየጠረጴዛው ተደርድሮ፤ ታችኛው ሰፈር ሙሉ ቢጠጣው የሚተርፍ ውሃ። አያ ዘውዱም ሰፈሩን ወክለው ተጠርተዋል፤ ጫማቸው በመጨረሻ የሚሄድበት አገኘ። የፊታቸውን ጠርሙስ ከፍተው አልጠጡም፤ ኪሳቸው ከተቱት። አስተባባሪው ግድግዳው ላይ በቀለም የተቀባባ የቁጥር ሥዕል አበራ። አብዛኛው ነዋሪ በኑሮው መርካቱን ጥናቱ አረጋግጧል አለ። ተመስገን በሙሉ ወደ ‘ረክቻለሁ’ ተተርጉሟል። ከሥሩ የተጻፈው ሁሉ፣ በሬው፣ ጫማው፣ የአማቴ ወቀሳ ሳይቀር፣ አባሪ ይሆናል ተብሎ ነበር። አባሪው አልታተመም።

መምህርት ውድነሽ ተነሡ። ቆመውም ከተቀመጠው ሰው እምብዛም አይለዩም።

«ተመስገንን ማን ተረጎመው?» አሉ።

ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ። ባቄላ አወጡ። አፋቸው ውስጥ ጣሉ። ቆሙ።

አዳራሹ ጭጭ አለ። አስተባባሪው ወረቀቱን አየ፣ ባነሩን አየ። እኔ በዚያች ሰዓት ሥራው ገባኝ፤ ዝምታው እንደ ገመድ ሲወጠር አየሁት። ሰውየው ሊናገር ነበር። እምላለሁ አፉ ተከፍቷል። ይህን ጊዜ የመድረክ መሪው ማይኩን ይዞ «ክቡራን እንግዶች፣ ምሳ ስለደረሰ...» አለ። ወንበር ተንኳኳ። ሰው ሁሉ ተነሣ። መምህርት ብቻቸውን ባቄላቸውን ይዘው ቆመው ቀሩ። ከምሳ ጋር ዝምታ አይታገልም።

ፋይሉ ተዘጋ። ቧንቧውም ማፏጨቱን ተወ። እኔ በዚህ ነገር ስንት ሌሊት እንደተናደድሁ አስካለ ትመስክር። ተናድጄ ግን ምን አደረግሁ? ሻይ ቤት ሄጄ አስተባባሪውን አስመሰልሁት። ሰው ሣቀ።

መምህርት ግን ጡረታ ወጥተው ዳባት ከገቡ በኋላ ሰኞ ሰኞ በሚኒባስ ደባርቅ ይመጡ ጀመር። ከአስተባባሪው ቢሮ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ይቀመጣሉ። ሲገባ ያዩታል፤ ሲወጣ ያዩታል። ሰላምታ ይሰጣሉ፤ ያው ረጅሙን። ሌላ ቃል አይናገሩም። ጸሐፊዋ ሻይ ብትሰጣቸው አይጠጡም፤ አፋቸው ሥራ ላይ ነው። አንድ ሰኞ አብሬያቸው ተቀመጥሁ።

«መምህርት፣ ይህ ሰውዬ ደንጊያ ነው። ይተዉት።»

ባቄላቸውን ወደ ጉንጫቸው ገፋ አደረጉ። «ደንጊያ አይደለም። ያፍራል። የሚያፍር ሰው ጊዜ ይፈልጋል።»

«እርስዎስ ጊዜ አለዎት?»

ባቄላቸውን ከጉንጫቸው ወደ ምላሳቸው መለሱ። ጠቆር ብለው ነበር፤ ጫማቸውም ሰፍቷቸዋል። እንዴት ነዎት ብዬ አልጠየቅሁም። ምን እንደሚሉኝ አውቅ ነበራ።

ከሁለት ክረምት በኋላ ነው መሰለኝ አስተባባሪው ከቢሮው ወጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ አሉ። ጸሐፊዋ ናት የነገረችኝ። ለረጅም ጊዜ ሁለቱም ዝም አሉ። ከዚያ «እሺ መምህርት፣ ሰፈሩ እንደገና ይጠየቃል። በእኔ ይጣሉት» አላቸው። ሌላም ብዙ ነገር ተናገረ አለችኝ፤ ስለ አለቆቹ፣ ስለ እንቅልፉ። ያን ሁሉ ሲሰሙ መነጽራቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር።

ያን ዕለት ስልክ ደወሉልኝ።

«እንደገና ሊጠይቁ ነው» አሉኝ። «ጠያቂዎቹ ከሌላ ቦታ ናቸው የሚመጡት፤ ባቄላ አይሰጣቸውም። ስለዚህ ሥራው የተጠያቂው ነው። ለሰፈሩ ንገር። ተመስገን አትበሉ አልልም፤ ይበሉ። ተመስገን ብለው ግን አያቁሙ። ከልባቸው ይጨምሩበት። አደራ።»

«መምህርት፣ ይህ ለእኔ ቀላል ነው። ማውራት አይደል?»

«አዎ» አሉ። «እንግዲህ የምታወራበት ቀን መጣልህ።»

ቤት ለቤት ዞሬ ነገርሁ። ሰፈሩን ሰብስቤ ልምምድ ሁሉ አደረግሁ፤ እኔ ጠያቂ፣ እነሱ ተጠያቂ። እትዬ ብርቄ ስለ ውሃው ጀምረው ስለ እኔ ጨረሱ። አያ ዘውዱ ልምምድ አያስፈልገኝም ብለው ከመደባቸው አልተነሡም። ጠያቂዎቹ ሳይመጡ ግን የዳባቱ ሾፌር ሻይ ቤት ገባ።

ቀብራቸው ላይ ዝናብ ጣለ። ጃንጥላቸውን ልጃቸው ይዛዋለች፤ አልዘረጋችውም። እኔ በልቤ ‘ልክ ነሽ’ አልኋት። አስተባባሪውም መጥቷል፣ ሰደርያውን አውልቆ፣ ነጠላ ለብሶ። ከሩቅ ተያየን። ቀልድ ላመጣ ፈለግሁና አጣሁ።

አርባቸው ሳይወጣ ጠያቂዎቹ ታችኛው ሰፈር ገቡ። የእኔን በር ያንኳኳችው ታብሌት የያዘች፣ አነጋገሯ የታረመ፣ ጨዋ ልጅ ናት። ገና ከለቅሶው አልወጣሁም፤ ጢሜን አልተላጨሁም። የምላትን ግን ከሳምንት በፊት አዘጋጅቻለሁ። በምንጩ እጀምራለሁ፤ በአያ ዘውዱ ጫማ በኩል አልፌ፣ በአስካለ ጀርባ ላይ ባለው ጄሪካን አድርጌ፣ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ብቻቸውን ቆመው በቀሩት ሴት እጨርሳለሁ። ታብሌቷ ሞልታ ትፈሳለች ብዬ ነበር።

«እንደምን አደሩ አባቴ?» አለችኝ። አባቴ ማለቷ ራሱ አደናገረኝ። «ኑሮ እንዴት ነው?»

«ተመስገን» አልኋት።

እንደ ልማዷ ከአፌ የወጣች ናት። ይሁን፣ ደጁ ተከፍቷል፤ አሁን ትጠብቀኛለች፣ እኔም እቀጥላለሁ ብዬ ትንፋሼን ሰበሰብሁ። ልጅቷ በጣቷ ታብሌቱን ነካ አደረገችና ፈገግ አለች።

«አመሰግናለሁ። በቤቱ ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል?»

ቆይ ልላት ይገባኝ ነበር። ግን አምላክን አመስግኖ ወዲያው ማማረር ነውር ሆኖ ታየኝ፤ ለዚያውም በለቅሶ ጢሜ፣ ለዚያውም አባቴ ላለችኝ ልጅ። የቤተሰቤን ቁጥር ነገርኋት። የቆርቆሮውን ዕድሜ ነገርኋት። መረቀችኝና ሄደች።

ማታ ሰፈሩ ወሬው ደርቶ ነበር። አያ ዘውዱ ጠያቂያቸውን እስከ እኩለ ቀን ይዘው ከቧንቧው ጋር ሳይቀር አስተዋውቀዋታል አሉ። እትዬ ብርቄ አልቅሰው አስለቅሰዋል። አፏ የማይከፈተው ጎረቤታችን እንኳ ተመስገን ብላ ባሏ እጇን ቢጎትታት አላቆመችም። አስካለ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ጄሪካኑን ሳታወርድ በሩ ላይ ቆመች።

«አንተስ ምን አልሃቸው?»

ነገርኋት። ጄሪካኑን አወረደች፤ ሣቅም አላለችም፣ ቁጣም አላለችም።

በማግሥቱ አያ ዘውዱ ጫማቸውን አድርገው ከመደባቸው ጠሩኝ። «አንተ ደሳለኝ፣ ስምህን ነው የሞላህላቸው?» አሉኝ፤ እኔም ሣቅሁላቸው፣ እሳቸው እንደሚሥቁልኝ።

ውሃው ይመጣል እየተባለ ነው። ሰፈሩ ሁሉ እንደጠማው በትክክል ተጽፏል። ያን ሁሉ ቤት አንኳኩተው ረክቻለሁ የሚል አንድ ሰው ብቻ ነው ያገኙት፤ እሱም እኔ ነኝ።